ፈሪ ውል ይጽፋል

ሲስተር አበበች ደውላ «ጋሽ ወንድይፍራው አረፉ» ስትለኝ ከአፌ የወጣው «ውይ፣ ምን ነክቷቸው?» የሚል ነበር። ወዲያው ምላሴን ነከስኩ። ጋሽ ወንድይፍራው ቢሰሙኝ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ለምን ጉዳይ ነው?» ይሉኝ ነበር። ሲስተር አበበችም የሳቸው ሰው ናትና አልመለሰችልኝም። «ነገ በስድስት ሰዓት፣ መካኒሳ አቦ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ያን ቀን ሥራ የሚባል ነገር አልያዝኩም። እሳቸውን እያሰብኩ፣ አንዴ እያለቀስኩ አንዴ እየሳቅኩ ዋልኩ።

«ለምን ጉዳይ ነው?» ከአፋቸው አትጠፋም ነበር። ልጆችዎ ስንት ናቸው ብሎ ለጠየቀ፣ ለምን ጉዳይ ነው? ደመወዝ ወጣ ወይ ላለ፣ ለምን ጉዳይ ነው? አንድ ቀን አብረን ታክሲ ተሳፍረን ወያላው «ፋዘር፣ የት ነው የሚወርዱት?» ቢላቸው ይኸንኑ መለሱለትና ታክሲው ሙሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ በሀፍረት መግቢያ አጣሁ። እሳቸው ግን መቀለዳቸው አልነበረም። አንድ ሰው የጠየቀውን ነገር ለምን እንደሚፈልገው ሳይናገር መልስ መስጠት ለሳቸው በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

አባታቸው «ወንድ ይፍራው» ብለው ስም ሲያወጡላቸው ምን አስበው እንደነበር እግዜር ይወቀው። ወንድ ሊፈራቸው ቀርቶ እሳቸው ወንዱንም ሴቱንም፣ ውሻውንም ዶፉንም ይፈሩ ነበር። በበጋ ጃንጥላ ይይዛሉ። ስልክ ሲጮህ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ቤታቸው ላፍቶ ነው፤ ያኔ ላፍቶ የጤፍ ማሳና ጭቃ ነበር፣ ሲመሽም ጅብ ይጮህበታል። ስለዚህ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከጠረጴዛቸው ሥር ቦት ጫማቸውን አውጥተው ያጠልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ሚኒስትርም ቢመጣ አይጠብቁም። ከባድ ነገር ሲመጣማ ሽንት ቤት ይመላለሳሉ፤ እኛም በመመላለሳቸው ብዛት የነገሩን ክብደት እንለካ ነበር። በሌሉበት «ሁሉን ይፍራ» እንላቸዋለን። ስሙን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ያኔ አፌ አያርፍም ነበር፣ ዛሬም ብዙ አላረፈም።

ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምሮ የደም ጥናት ጀመረ። ጥናቱ ስለ ኤድስ ነበር፤ ግን ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራ ስላልነበረ ሁላችንም «ያ በሽታ» እንለው ነበር። መድኃኒት አልነበረውም። ያለበት ሰው ከታወቀ ከሥራ ይባረራል፣ ከቤት ይወጣል፣ የጠጣበት ብርጭቆ ይሰበራል። ቢሯችን መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ በኪራይ ግቢ ውስጥ ነበር። ኃላፊው ዶክተር ሰሎሞን ነው፤ ከውጭ ተምሮ የመጣ፣ ቸኩሎ የሚራመድ፣ ልቡ ንጹሕ የሆነ ወጣት። ሲስተር አበበች ደም ትቀዳለች። እኔ ታይፒስት ነኝ። ጋሽ ወንድይፍራው የሕግ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ውል ማርቀቅ ነው። ደሙን ማን ይወስዳል፣ ለምን ያውለዋል፣ ከደሙ የሚገኘውን መረጃ ማን ያያል፣ የተረፈውስ የት ይገባል፤ ይህን ሁሉ ይጽፋሉ፣ እኔ እተይባለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ፣ ይፈራሉ፣ እንደገና እተይባለሁ። ምርር ብሎኝ ስነጫነጭ «ሰው ማመን ቀብሮ ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። ይህንን ላገኙት ሰው ሁሉ ይሉ ነበር፤ ለጥበቃውም፣ ለዶክተሩም፣ ለአትክልተኛውም።

አንድ ጊዜ የውጪው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሊፈራረም መጣ። ደግ ሽማግሌ ነው፤ ለሁላችንም ቸኮሌት ይዞልናል። ጥናቱ ሲያልቅ የሚተርፈውን ደም በእኛ ማቀዝቀዣ እናቆየው፣ ለወደፊት ይጠቅማል አለ። ዶክተር ሰሎሞን እስክሪብቶውን አውጥቶ ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው ሽንት ቤት ደርሰው ተመለሱና «ይኼ ሰው ደግ ነው፤ ቢሆንም ሟች ነው። ማቀዝቀዣው ግን ይቀራል» አሉ። ዶክተር ሰሎሞን አፍሮ፣ እንተማመን እንጂ ጋሼ፣ ምን ያስፈራዎታል ሲላቸው የመለሱለትን እስከ ዛሬ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ።

«ደፋር ይጨባበጣል፤ ፈሪ ውል ይጽፋል» አሉት።

እናም ተጻፈ። የተረፈው ደም ይወገዳል፤ ለሌላ ጥናት ከተፈለገ ባለቤቱ እንደገና ይጠየቃል፤ ለሦስተኛ እጅ አይተላለፍም። ፕሮፌሰሩ እየሳቀ ፈረመ። ዶክተር ሰሎሞን ግን ለቀናት አኮረፈ።

ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ የነገሩኝ አንድ ክረምት ዝናብ ቢሮ ውስጥ ሲይዘን ነው። በዚያ በክፉው ዘመን፣ እሳቸው ገና ወጣት ሳሉ፣ ቀበሌው ስኳር ሊያድል ነው ተባለ። በየቤቱ ያለ ሰው ስሙ ከነዕድሜው ይጻፍ ሲባል የወንድይፍራው ጽሕፈት ያምራል ብለው ለሳቸው ሰጧቸው። ጻፉ። የታናሽ ወንድማቸውንም ስም ጻፉ። ስኳሩም በእርግጥ መጣና ታደለ። ወረቀቱ ግን አልተቀደደም። በኋላ ወጣቱ ሲታፈስ ስም የተጠራው ከዚያው ወረቀት ላይ ነው። «ስኳሩን ጠጥተን ጨረስነው» አሉኝ ዝናቡን በመስኮት እያዩ። «ስሙ ቀረ።» ወንድማቸው አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ሁሉን ይፍራ» የሚለውን ስም ከአፌ አላወጣሁትም።

ወደ ነፋስ ስልክ በኩል አንድ የጣሳ ፋብሪካ ነበር። ጥናቱ በዚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ እንዲሆን ከሥራ አስኪያጁ ከአቶ ገዛኸኝ ጋር ተስማማን። ሠራተኞቹ ግን እጃችንን አንሰጥም አሉ። ስማችንን ትጽፉና አንድ ቀን ትጠሩብናላችሁ አሉን። ዶክተር ሰሎሞን ተናደደ፤ ጋሽ ወንድይፍራው ፊታቸው በራ፣ እንደሳቸው የሚፈራ ሰው አግኝተዋላ። ስም ጨርሶ የማይጻፍበትን መላ ያመጡት እዚያው ፋብሪካ ወለል ላይ፣ ከወዳደቀው ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሳንቲም የምታክል ክብ ቆርቆሮ ትቆረጣለች፤ በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታባታል፤ ከዚያ በመቀስ ዚግዛግ ሆና ለሁለት ትከፈላለች። አንዱ ግማሽ ከደሙ ቁጥር ጋር እኛ ዘንድ ይቀመጣል፣ ሌላው በባለቤቱ እጅ ይሆናል። ውጤቱን ማወቅ የፈለገ ግማሹን ይዞ ሲስተር አበበች ዘንድ ይመጣል፤ ሁለቱ ከገጠሙ ለብቻው ትነግረዋለች። ያልፈለገ አይመጣም። ስም የለም።

ይኼ ሁሉ ከተነገራቸው በኋላ አስካለ የምትባል ጣሳ በያጅ ከኋላ ብድግ ብላ «ጥሩ፣ ውላችሁ ዋስ አለው ወይ?» አለች። እሷ ባደገችበት አገር ዋስ ያልተጠራበት ውል እንደ ቀልድ ነው የሚቆጠረው። ሠራተኛው ሁሉ እውነቷን ነው አለ። ዶክተር ሰሎሞን ግራ ገብቶት ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ዞረ። እሳቸው ትንሽ አሰቡና ዋሶቹ ተዋዋዮቹ ራሳቸው ይሁኑ፣ ዋስትናውም ደማቸው ይሁን አሉ። ከዩኒቨርሲቲው ወገን እሳቸው ቁጥር አንድ፣ ከፋብሪካው ወገን ሥራ አስኪያጁ ቁጥር ሁለት ሆነው በሰው ፊት ይቀዳሉ፤ ውሉ የፈረሰ እንደሆነ መጀመሪያ የሚፈርሰው በነሱ ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚነበበው የነሱ ውጤት ይሆናል።

አቶ ገዛኸኝ ሰው ፊት መታየት ይወዳሉ፤ እየሳቁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ተጨበጨበላቸው። ግማሽ ቆርቆሯቸውንም ከመኪናቸው ቁልፍ ጋር አንጠለጠሏት። ጋሽ ወንድይፍራው ግን መርፌውን ሲያዩ ዘፍ ብለው ወደቁ። ራሳቸውን ሳቱ ስላችሁ። ሠራተኛው በሳቅ ሞተ፣ ሲስተር አበበችም እዚያው በተኙበት ቀዳቻቸው። አስካለ ቆማ አይታቸው «እንዲህ የሚፈራ ሰው አያታልለንም» አለችና ከኋላቸው ተሰለፈች። ሌሎቹም ተከተሏት። ውሉን እኔ ነኝ የተየብኩት። ዋናዋ አንቀጽ አጭር ነበረች፤ ውጤቱ ለፋብሪካው በድምር እንጂ በነጠላ አይሰጥም ትላለች።

ከወራት በኋላ ድምሩ ለአቶ ገዛኸኝ ተሰጠ። ስንት እንደነበር አልናገርም። ሰውየው ግን ቀለማቸው ተለወጠ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ፈሩ እንጂ። ቆርቆሮ እጅ ይቆርጣል፤ በዚያ ፋብሪካ ደም ያልነካው ማሽን አልነበረም። ያን ጊዜ ደግሞ ስለ በሽታው የምናውቀው ጥቂት፣ የምንፈራው ብዙ ነበር። ለዶክተር ሰሎሞን፣ ውጤቱን በየቁጥሩ ካልሰጠኸኝ በሬን እዘጋለሁ፣ ጥናትህም እዚያው ላይ ያበቃል አሉት። እሱም አስቦ አስቦ ተስማማ። ቁጥር ስም አይደለም፤ ማን ማን እንደሆነ እኛ ራሳችን የማናውቀውን እሳቸው በምን ያውቃሉ? በእጁ የጻፈውን ወረቀት እንድተይብ ሰጠኝና ነገ ጠዋት ሊወስዱት ይመጣሉ አለኝ።

እንዳጋጣሚ ሆኖ ማሽኑን ከፍቼ ገና ወረቀት ሳስገባ አስካለ እያለከለከች ገባች። ጋሽ ወንድይፍራው ቦት ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

«ጋሼ፣ በር ላይ ዘበኞቹ የቆርቆሯችንን ቁጥር ከስማችን ጋር እየጻፉ ነው» አለች።

ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኛ ሲወጣ ዕቃ እንዳይሰረቅ ይፈተሻል፤ የቆየ ደንብ ነው። የጥናቱን ግማሽ ቆርቆሮ በኪሳችን ሲያገኙ እስካሁን ዝም ብለው ያሳልፉን ነበር አለች አስካለ። ዛሬ ግን አንድ ባንድ እያስወጡ መዘገቧት። አንዳንዶቹ ደንግጠው ቱቦ ውስጥ ወርውረዋታል፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከተመዘገበች በኋላ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው አንድ እግራቸው በቦት፣ አንዱ በካልሲ እንዳለ ቀሩ። እኔም ገባኝ፤ ጣቶቼን ከማሽኑ ላይ አነሳሁ። እዚህ ቁጥሩ ከውጤቱ ጋር፣ እዚያ ቁጥሩ ከስሙ ጋር። ሁለቱ ወረቀቶች ነገ ጠዋት ከተገናኙ አለቀ።

አስካለ ተቀመጪ ብትባል አልተቀመጠችም። ውጤቷን ጠይቃ አታውቅም፣ ፈርታ። «እኔ ራሴ ያላወቅኩትን እነሱ ሊያውቁት ነው?» አለች። ሥራዋን ካጣች የምትከፍለው የቤት ኪራይ የላትም። አከራይዋ ምክንያቱን ከሰማች ደግሞ ያኑ ዕለት ከነልጇ ታስወጣታለች። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፣ ከንፈሯ ግን ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው «ነገ ሥራ ግቢ፣ እንዳትቀሪ፤ የቀረ ይጠረጠራል» ብቻ ብለው ሸኟት።

ከወጣች በኋላ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ቁጥሩን ለምን አስመታሁበት?» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው። «መግጠሙ ብቻውን ይበቃ ነበር። በደንብ አልፈራሁም።»

ዶክተር ሰሎሞን ነገሩን ሲሰማ ራሱን ይዞ ቀረ። እንቢ ካለ ጥናቱ ይሞታል፤ ሰውየው ተናደው የተመዘገበውን ሁሉ ሊያባርሩም ይችላሉ። እሺ ካለ አስካለን አሳልፎ መስጠቱ ነው። ያን ምሽት ጋሽ ወንድይፍራው ጅቡንም ረስተው መሽቶባቸው ሄዱ። እኔ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ አቶ ገዛኸኝ የዘበኞቻቸውን አለቃ አስከትለው መጡ። ዶክተር ሰሎሞን ክፍል ተሰበሰብን። ጋሽ ወንድይፍራው ጠዋቱን ሙሉ ሲመላለሱ ቆይተው ገቡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። በአንድ እጃቸው ውሉን፣ በሌላው የግማሽ ቆርቆሮዎቹን ሳጥን ይዘዋል። አልተቀመጡም። አንቀጿን ሊያነቡ ጀመሩ፣ ድምፃቸው ተቆረጠ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ።

አቶ ገዛኸኝ ትዕግሥታቸው አለቀ። ይኼንን ወረቀት የጻፈው ሰው ነው፣ ሰው ያፈርሰዋል፤ እኔ ኃላፊነት ያለብኝ የሰው ሕይወት ነው አሉ። አነጋገራቸው የተቆጣ ሰው ይመስላል፣ ዓይናቸው ግን ሌላ ነበር። እሳቸውም እንቅልፍ አልተኙም።

ጋሽ ወንድይፍራው ውሉን አጠፉት። «እንግዲያው ይፍረስ» አሉ።

ዶክተር ሰሎሞን ቀና አለ። ሰውየው በፍርሃት ብዛት ተሸነፉ ብዬ አሰብኩ፤ አስካለ በዓይኔ መጣች።

«ይፍረስ፤ በዋሶቹ ይጀመራል ተባብለናል» አሉ። ከኮታቸው ኪስ ግማሽ ቆርቆሯቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። «ቁጥር አንድ እኔ ነኝ። ውጤቴን ጠይቄ አላውቅም፣ ፈርቼ ነው። አበበች፣ ግጠሚውና እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አንብቢው።»

ሲስተር አበበች አልተነቃነቀችም። እሳቸው ቆርቆሮዋን በጣታቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ቢነበብስ? የሳቸው ቢሆንስ? አምላኬ፣ ባልሰማ እያልኩ ተለማመንኩ።

«የኔ ተነቦ ሲያልቅ ቁጥር ሁለት ይቀጥላል» አሉ ቀስ ብለው። «ቁጥር ሁለት ማን እንደሆነ እዚህ ያለነው ሁሉ እናውቃለን፣ ጌታው።»

አቶ ገዛኸኝ መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ሳያዙት ወደ ኪሳቸው ገባ፣ የመኪና ቁልፋቸው ወዳለበት። እዚያው ቀረ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። እሳቸውም ውጤታቸውን መጥተው አልጠየቁም ነበር። የዘበኞቹ አለቃ ጣሪያውን ያያል። ሲስተር አበበች ሳጥኑን ከፍታ የመጀመሪያውን ግማሽ አነሳች። ዘንበል ብላ ከጠረጴዛው ላይ ካለችው ግማሽ ጋር ልታገጥም ስትል፣

«ተዪው» አሉ አቶ ገዛኸኝ።

ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ማናችንንም ሳያዩ፣ ትናንት በር ላይ የጻፋችሁት ዛሬውኑ ይቃጠል አሉ ለአለቃው። አስካለ በኋላ እንደነገረችኝ ጣሳ በሚበየድበት እሳት፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ አቃጠሉት። በሩንም አልዘጉብንም። ዶክተር ሰሎሞን የራሱን ወረቀት እዚያው ቀዳደደና ጋሽ ወንድይፍራውን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ከለከሉት። በዚያው ሳምንት እሳቸው ሞረድ ይዘው ፋብሪካ ሄዱ፤ ሠራተኛው በእጁ ካለው ግማሽ ላይ ቁጥሩን እየፋቀ እንዲያጠፋው አደረጉ። መግጠሙ ይበቃል አሉ።

ያን ቀን ግን ሰዎቹ እንደወጡ ወንበር ላይ ተዘርግተው ውሃ ጠየቁኝ። ብርጭቆውን ሳቀብላቸው፣ ቢነበብ ኖሮ ምን ይውጥዎ ነበር ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። አዩኝ። መልሼ ዘጋሁት። ግማሽ ቆርቆሯቸውን ወደ ኪሳቸው መለሷት። ከዚያ በኋላ ይዘዋት ወደ ሲስተር አበበች ክፍል ሲገቡ አላየሁም። ገብተውም ከሆነ የኔ ጉዳይ አይደለም። ጥናቱ አልቆ ሁላችንም ስንበታተን እሳቸው ያቺን ጃንጥላ ይዘው ወደ ላፍቶ ሄዱ፤ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር እደውልላቸው ነበር፣ ለምን ጉዳይ ነው ይሉኛል፣ እንኳን አደረስዎ ለማለት ነው እላቸዋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል።

ትናንት ቀበርናቸው። ከፍትሐቱ በኋላ አንዲት ጎረቤታቸው ጠጋ ብላ፣ ከስተው ነበር አሉ፣ ሕመማቸው ግን ምን ነበር አለችኝ። «ለምን ጉዳይ ነው?» አልኳት ሳላስበው። ተኮሳትራ ዞር አለች። ሲስተር አበበች ከፊት ቆማ ነበር፤ ምናልባት ታውቅ ይሆናል። አልጠየቅኳትም።

አስካለን ያወቅኳት እሷ መጥታ ስታቅፈኝ ነው። ሸምግላለች፤ ልጇ፣ ያኔ ከነሱ ቤት እንዳይወጣባት የፈራችለት ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ ክንዷን ደግፏታል። አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር፣ ግማሽ ቆርቆሮ አሥራለች። ዝጋለች፣ ቁጥር የለባትም። ጎን ለጎን ቆመን አፈሩ ሲመለስ አየን።

«ጋሼ ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይሉ ነበር አይደል?» አለችኝ።

አዎ፣ አልኳት።

«እኔ ሳልቀብራቸው ነው ያመንኳቸው» አለች።